ከሞተ በኋላ ወርቁ የተመለሰለት ጂም ቶርፕ

በሞላላዋ ኳስ የሚጫወቱት አሜሪካን ፉትቦል ዛሬ ቢሊዮን ዶላሮች የሚንቀሳቀሱበት ስፖርት ነው። የሊጉ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት የነበረው ተጫዋች ግን ያለፈው በድህነት ነው።

ጂም ቶርፕ ከአሜሪካ ነባር ህዝቦች አንዱ ከሆነው የሳክና ፎክስ ጎሳ ኦክላሆማ ውስጥ ተወለደ። ስሙ የገነነው በፔንሲልቫኒያው የካርላይል የህንዶች ት/ቤት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ በ1911 ቡድኑ ኃያሉን ሀርቫርድን 18ለ15 ሲረታ አራት ኳሶችን በእግሩ መትቶ በቋሚዎቹ መሀል አሳልፏል።

በ1912 የስቶክሆልም ኦሊምፒክ ደግሞ አምስት ውድድር ባለው ፔንታትሎንና አስር ውድድር ባለው ዴካትሎን ሁለት ወርቅ አጠለቀ። ደስታው ግን ብዙም አልቆየ። በ1909 እና በ1910 ቤዝቦል ተጫውቶ ጥቂት ዶላር መቀበሉ ሲታወቅ፣ አማተር አይደለም ተብሎ በ1913 ሜዳሊያዎቹን ተቀማ። በደንቡ ክስ የሚቀርበው በ30 ቀን ውስጥ ቢሆንም ይህን ያስታወሰለት አልነበረም።

ቶርፕ ግን እጅ አልሰጠም። በ1915 ለካንተን ቡልዶግስ በአንድ ጨዋታ 250 ዶላር እየተከፈለው መጫወት ጀመረ፤ ለዚያ ጊዜ ብዙ ገንዘብ ነው። በ1920 ዛሬ ኤንኤፍኤል የሚባለው ሊግ ሲመሰረት ስሙ ተመልካች ይስባል ተብሎ ፕሬዚዳንት ተደረገ፤ እሱም እየተጫወተ በፕሬዚዳንትነት አገለገለ። ጫማውን የሰቀለው በ1928፣ 40 ዓመት ሲሞላው ገደማ ነው።

ከዚያ በኋላ ኑሮ ከበደው። በፊልም ትንንሽ ሚና እየሰራ፣ የጉልበት ስራም እየሞከረ ኖረ። በ1950 አሶሺየትድ ፕሬስ የግማሽ ምዕተ ዓመቱ ምርጥ ስፖርተኛ ብሎ ሲመርጠው እንኳ ኪሱ ባዶ ነበር። በ1953 በድንገተኛ የልብ ህመም ካሊፎርኒያ ውስጥ አረፈ።

የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ በ1982 የጋራ አሸናፊ፣ በ2022 ደግሞ ብቸኛ አሸናፊ አድርጎ መዘገበው። ሜዳሊያውን በ1983 የተረከቡት ልጆቹ ናቸው።