የኳስ አባት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ

እኔ የሚኒ ሚዲያ ክበባችን አባልና የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በዚህ እትም የታላላቅ ሰዎች ታሪክ የሚባለውን ዓምድ የመጻፍ ተራው የእኔ ነው። ብዙዎቻችሁ ስለ ንጉሥ ጋኪ ሼሮቾ ይጽፋል ብላችሁ እንደጠበቃችሁ አውቃለሁ። ስለ እሳቸው ግን ባለፈው እትም ጓደኛችን ጥሩ አድርጋ ጽፋለች። እኔ የመረጥኩት አቶ ይድነቃቸው ተሰማን ነው። የተወለዱት ጅማ ነው። ከእኛ ከቦንጋ ተነስቶ የጎጀብን ወንዝ የተሻገረ ሰው ጅማ ይገባል። ስለዚህ የሩቅ ሰው አይደሉም፣ ጎረቤታችን ናቸው።

መጀመሪያ ግን ለምን እንደመረጥኳቸው ልንገራችሁ። ትንሽ ያሳፍረኛል፣ ግን እውነት ስለሆነ እጽፈዋለሁ።

ባለፈው ዓመት ለክፍል ለክፍል የእግር ኳስ ውድድር ስንለማመድ የቡድናችን አምበል እኔ ነበርኩ። በክፍላችን አንድ ልጅ አለ። ቤታቸው ጫካው ዳር ነው፤ እናቱ በገበያ ቀን ከሰልና ማገዶ ተሸክማ ትመጣለች። ሩጫ ላይ ማንም አይደርስበትም። ታዲያ ተጫዋች ስንመርጥ አንዳንድ ልጆች እሱ ከገባ እኛ አንገባም አሉ። ምክንያቱን አልተናገሩም፣ ግን የከፋ ልጅ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። ውሃ ስንጠጣ ደግሞ ኩባያውን ለእሱ አልሰጡትም። በእጁ ጨልፎ እንዲጠጣ ከጀሪካኑ አፈሰሱለት። እሱም ዝም ብሎ ጠጣ። እኔም አምበል ሆኜ ዝም አልኩ።

ማታ ቡና ሲፈላ ነገሩን ለአያቴ እንደ ተራ ወሬ አወራኋቸው። አያቴ ጨዋታ የሚወዱ ሰው ነበሩ። እሳቸው ያሉበት ቤት ጎረቤት ይሰበሰባል፣ መንገድ ላይ ሲሄዱ ሰላም ሳይሉት የሚያልፉት ሰው የለም። ያን ቀን ግን ሲኒያቸውን እንደያዙ ዝም አሉ። ቆይተው እሳቸውም በልጅነታቸው እንዲሁ ያደርጉ እንደነበር ነገሩኝ። በኋላም ስለ አቶ ይድነቃቸው ጀመሩ። እኔ ያጫወቱኝን በደብተሬ ጻፍኩ፤ ዓመተ ምሕረቱን ደግሞ ከስፖርት መምህራችን ጋር ሆነን አረጋገጥን።

አቶ ይድነቃቸው የተወለዱት መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ነው። የልደታቸው ቀን እንቁጣጣሽ ነው ማለት ነው! አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ይባላሉ። ነጋድራስ ማለት የነጋዴዎች አለቃ ማለት ነው። እኚህ አባት ዝነኛ ገጣሚ፣ ዘፋኝና ጨዋታ አዋቂ ነበሩ። በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን አገር ሄደው መኪና መንዳት ተምረዋል። እዚያው እያሉም ዘፈናቸውን በሸክላ አስቀረጹ። በሸክላ የተቀረጸ የኢትዮጵያ ዘፈን ሲነሳ የመጀመሪያው ስም የእሳቸው ነው። እንግዲህ አቶ ይድነቃቸው ሰው መቅረብንና መናገርን ከአባታቸው ነው የወረሱት ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

ትምህርታቸውን የተማሩት አዲስ አበባ፣ ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ የሚባለው ክለብ በ1928 ዓ.ም. ሲመሠረት ገና የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። ለዚህ ክለብ 23 ዓመት ያህል ተጫውተዋል። ለብሔራዊ ቡድናችንም 15 ጊዜ ተሰልፈዋል።

ክለቡ በተመሠረተ ጊዜ ግን የጣሊያን ጦር አገራችንን ወርሮ ነበር። አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ ነጭና ጥቁር በአንድነት እንዳይኖር ሕግ አወጣ። ኳስ ላይም እንዲሁ ሆነ። ኢትዮጵያውያን ከነጮች ጋር አይጋጠሙም፤ ለብቻቸው ተለይተው እርስ በርሳቸው ብቻ ይጫወቱ ነበር። አስቡት እስቲ! በገዛ አገራችሁ፣ በገዛ ሜዳችሁ፣ እናንተ ከእኛ ጋር አትጫወቱም ስትባሉ። ወጣቱ ይድነቃቸው ይህን በዓይናቸው አይተው ነው ያደጉት። አያቴ እንደሚሉት፣ ሰው በልጅነቱ የቀመሰውን መራራ ነገር አይረሳም። አንዳንዱ የቀመሰውን ለሌላው ያቀምሳል፣ አንዳንዱ ደግሞ ማንም እንዳይቀምሰው ይከላከላል። አቶ ይድነቃቸው ሁለተኛውን መረጡ።

በ1933 ዓ.ም. አገራችን ነፃ ወጣች። ከዚያ በኋላ የአገራችን እግር ኳስ እንዲደራጅ ከደከሙት ሰዎች አንዱ አቶ ይድነቃቸው ናቸው። በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው የሻምፒዮና ውድድር ተካሄደ። የተወዳደሩት አምስት ቡድኖች ናቸው። የኢትዮጵያውያኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የአርመኖች ቡድን፣ የግሪኮች ቡድን፣ የጣሊያኖች ቡድንና የእንግሊዝ ጦር ቡድን። አያችሁ? ትናንት አብረን አንጫወትም የተባሉት ዛሬ በአንድ ሜዳ ተገናኙ። ዋንጫውን ማን ወሰደ ብትሉ የእንግሊዝ ጦር ቡድን ነው።

አሁን ወደ ሱዳን እንሂድ። በ1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ካርቱም ላይ ተመሠረተ። መሥራቾቹ አራት አገሮች ናቸው፤ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። ኢትዮጵያን ወክለው ከነበሩት መካከል አቶ ይድነቃቸው ይገኙበታል። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫም እዚያው ተዘጋጀ። ዕጣ ሲወጣ ኢትዮጵያ የደረሳት ደቡብ አፍሪካ ነበረች።

በዚያን ጊዜ በደቡብ አፍሪካ አፓርታይድ የሚባል ሥርዓት ነበር። ነጭና ጥቁር በአንድ ትምህርት ቤት አይማርም፣ በአንድ ሰፈር አይኖርም፣ በአንድ ቡድንም አይጫወትም። ስለዚህ የደቡብ አፍሪካ ሰዎች ወይ ነጭ ብቻ ወይ ጥቁር ብቻ የሆነ ቡድን ነው የምንልከው አሉ። ሌሎቹም የተቀላቀለ ካልሆነ አትጫወቱም አሏቸው። ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ወጣች፣ ኢትዮጵያም ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች። በፍጻሜው ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈችን። ዋንጫ አላገኘንም። አያቴ እዚህ ላይ ሲደርሱ ሳቁና፣ ዋንጫ የሌለው ድልም አለ አሉኝ።

ዋንጫውም ቢሆን አልቀረም! በ1954 ዓ.ም. ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ተዘጋጀ። ቡድናችንን ያሠለጠኑት አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። በመጀመሪያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፍን። ጥር 13 ቀን ለፍጻሜ ከግብፅ ጋር ተገናኘን። ግብፆች ሁለት ጊዜ መሩ፣ የእኛም ልጆች ሁለት ጊዜ አቻ አደረጉ። ሁለተኛዋን ጎል አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ያስቆጠረው ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ነው። በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛዋን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛዋን አገቡ። 4 ለ 2! ዋንጫውን ከአፄ ኃይለ ሥላሴ እጅ የተቀበለው አምበሉ ሉቺያኖ ነው። የሉቺያኖ እናት ኤርትራዊት፣ አባቱ ጣሊያናዊ ናቸው። ማን ከማን ተወለደ ተብሎ ቢመረጥ ኖሮ ያ ጎል ከየት ይመጣ ነበር?

አያቴ በዚያን ጊዜ ልጅ ነበሩ። ወሬውን የሰሙት ከጅማ ቡና ሊጭን ከመጣ የመኪና ሹፌር ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰፈሩ ልጆች የጨርቅ ኳስ እየሰፉ ሁሉም መንግሥቱ ወርቁ ነኝ ይል ነበር አሉ።

አቶ ይድነቃቸው በ1964 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። በዚህ ኃላፊነት እስከ ዕለተ ሞታቸው 15 ዓመት ቆይተዋል። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባልም ነበሩ። በየአገሩ እየዞሩ ከነጩም ከጥቁሩም ጋር ይከራከራሉ፣ ይነጋገራሉ፣ ያግባባሉ።

ሁለት ትልልቅ ጉዳዮች ነበሩ። አንደኛው የዓለም ዋንጫ ነው። በ1958 ዓ.ም. ለተካሄደው የእንግሊዝ ዓለም ዋንጫ ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሺኒያ በጠቅላላ የተሰጠው አንድ ቦታ ብቻ ነበር። የአፍሪካ አገሮች ይህ ፍትሕ አይደለም ብለው ከማጣሪያው ወጡ። ከዚያ በኋላ በ1962 ዓ.ም. ለሜክሲኮው ውድድር አፍሪካ የራሷን አንድ ቦታ አገኘች። አቶ ይድነቃቸው ፕሬዚዳንት ሳሉ ደግሞ በ1974 ዓ.ም. ለስፔኑ ውድድር ሁለት ሆነ። ካሜሩንና አልጄሪያ ሄዱ፤ አልጄሪያ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 አሸንፋ ዓለምን አስደነቀች።

ሁለተኛው ጉዳይ የደቡብ አፍሪካ ነው። አቶ ይድነቃቸው በዚህ ነገር ፈጽሞ አልለዘቡም። ነጭና ጥቁር አብሮ እስካልተጫወተ ድረስ ደቡብ አፍሪካ ከእኛ ጋር አትጫወትም በማለት ጸኑ። በ1968 ዓ.ም. ፊፋ ደቡብ አፍሪካን ጨርሶ አባረረ። አንዳንድ ሰው ስፖርትና ፖለቲካ አይገናኝም ይላል። ግን እስቲ ንገሩኝ፣ ኩባያ መከልከልስ ጨዋታ ነው?

አቶ ይድነቃቸው ታመው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ አረፉ። ዕድሜያቸው 65 ነበር። የደከሙለትን ነገር ፍሬ አላዩም። ደቡብ አፍሪካ ወደ ፊፋ የተመለሰችው በ1984 ዓ.ም. ነው። በ1988 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫን አዘጋጅታ፣ ነጭና ጥቁር በተቀላቀለበት ቡድን ቱኒዚያን 2 ለ 0 አሸንፋ ዋንጫውን አነሳች። አምበሉ ነጭ ነበር፣ አጠገቡ ቆመው የሚስቁት ደግሞ ኔልሰን ማንዴላ።

አንድ ሌላ ደስ ያለኝ ነገር አለ። አቶ ይድነቃቸው ኳስ ብቻ አልነበረም ሥራቸው። የአባታቸውን የነጋድራስ ተሰማን ታሪክና ግጥሞች ሰብስበው ሰምና ወርቅ የሚባል መጽሐፍ ጽፈዋል። በኋላ ደግሞ የእሳቸውን ታሪክ ልጃቸው ጻፉላቸው። ልጅ የአባቱን፣ የልጅ ልጅም የእሱን አባት እየጻፈ ታሪኩ እኛ ጋ ደረሰ። ባይጻፍ ኖሮ አያቴም አያውቁም፣ እኔም ይኸው አልጽፍም ነበር።

አሁን የእኔን ልጨርስ። በማግስቱ ልምምድ ላይ ያ ልጅ ካልገባ እኔም አልገባም አልኩ። ድምፄ እየተንቀጠቀጠ ነው ያልኩት። ሁለት ልጆች ተቆጥተው ወጡ፣ ሌሎቹ ቀሩ። ውሃ ስንጠጣ ኩባያውን መጀመሪያ ለእሱ ሰጠሁት። ካገኘው በኋላ ግራ ገብቶት አየኝ። ጠጣና መለሰልኝ፣ እኔም በዚያው ጠጣሁ። ምንም አልሆንኩም። ውሃው ያው የቦንጋ ውሃ ነው።

በውድድሩ ቀን አያቴ በዱላቸው ተደግፈው መጥተው ሜዳው ዳር ተቀመጡ። ዝናብ ዘንቦ ስለነበር ጭቃው አይጣል ነው። 3 ለ 2 ተሸነፍን። ሁለቱንም ጎል ያገባው እሱ ነው። ጨዋታው ሲያልቅ አያቴ ጠሩትና እጁን በሁለት እጃቸው ይዘው ሰላም አሉት። የማን ልጅ እንደሆነም ጠየቁት፣ ነገራቸው። እናቱን ቡና እንድትጠጣ ወደ ቤት እንዲጠራቸው ነገሩት። እሷም በቀጣዩ የገበያ ቀን መጥታ ከእኛ ጋር ቁጭ ብላ ጠጣች። በእኛ ቤት ይህ የመጀመሪያ ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ አያቴ አረፉ። ለቅሶው ላይ ያ ልጅና እናቱ ከሰው ሁሉ ቀድመው ነበር የመጡት።

ውድ አንባቢዎች፣ የወጡት ሁለት ልጆች እስካሁን ወደ ቡድኑ አልተመለሱም። ይህን ጽሑፍ ካነበባችሁት ቦታችሁን ለማንም አልሰጠንም፣ ኑ። ሌሎቻችሁ ደግሞ አያት ያላችሁ ዛሬ ማታ አጠገባቸው ተቀመጡና ጠይቋቸው። ደብተርና እስክሪብቶ ግን አትርሱ።

ለሚቀጥለው እትም በሰላም ያገናኘን።