ዶክተር አሌክሲስ ካረልና የሉርድ ፈውስ

ተአምር ተደረገ የሚል ወሬ በየጊዜው ይሰማል። አንዳንዱ ምእመን ሳይመረምር ይቀበለዋል፤ ሌላው ሳያይ ይስቅበታል። በዚህ እትማችን በሁለቱ መካከል ቆመው ከሁለቱም ወገን ያልተስማሙትን ፈረንሳዊ ሐኪም ልናወሳ ወደድን።

አሌክሲስ ካረል እ.ኤ.አ. በ1873 በሊዮን ከተማ አጠገብ ተወለዱ። የተማሩት በኢየሱሳውያን ትምህርት ቤት ነበር፤ ሕክምና ማጥናት ከጀመሩ በኋላ ግን የልጅነት እምነታቸው ጠፋ። በ1894 የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ሳዲ ካርኖ በዚያው በሊዮን በጩቤ ተወግተው ሲሞቱ፣ ሐኪሞቹ የተቆረጠውን የደም ሥር መስፋት አለመቻላቸው ወጣቱን ካረልን እጅግ አሳሰባቸው። ስለዚህ ወደ አንዲት ጥልፍ ሠሪ ሄደው በቀጭን መርፌ መስፋትን ተማሩ። ኋላ በ1912 የኖቤል ሽልማት ያስገኘላቸው ይኸው የደም ሥርን የመስፋት ጥበብ ነው።

በግንቦት 1902 በአንድ የሥራ ባልደረባቸው ምትክ፣ ሕሙማንን ወደ ሉርድ ከሚወስደው ባቡር ጋር ተጓዙ። ወደዚያ የሄዱት ለመሳለም ሳይሆን ለማየት ነበር። በባቡሩ ውስጥ በሳንባ ነቀርሳ ምክንያት ሆድዋ ያበጠ፣ ለሞት የተቃረበች ወጣት ነበረች። ኋላ በጻፉት መጽሐፍ ማሪ ፌራን ብለው የሰየሙዋት እርስዋ ናት፤ ራሳቸውንም ስማቸውን ገልብጠው ሌራክ ብለዋል። ከድካምዋ የተነሣ ወደ መጠመቂያው ማስገባት ስላልተቻለ፣ ውኃውን ሦስት ጊዜ በሆድዋ ላይ አፈሰሱላት። ዶክተሩ አጠገብዋ ቆመው የልብ ምትዋንና አተነፋፈስዋን ይመዘግቡ ነበር። ከግማሽ ሰዓት ገደማ በኋላ እብጠቱ ጠፋ። ድና የቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል ደናግልን ማኅበር ተቀላቀለች፤ እስከ 1937ም ኖረች።

ወሬው ሊዮን ሲደርስ ዶክተሩ ያዩትን አልካዱም። ነገር ግን ተአምር ነው ብለውም አላወጁም። በችኮላ የሚያምኑትን ምእመናንና ለመመርመር እንኳ ፈቃደኛ ያልሆኑትን ሐኪሞች አንድ ላይ ነቀፉ። በሊዮን የሐኪሞች ዘንድ እንዲህ ያለ አመለካከት ያለው ሰው እድገት እንደማያገኝ ስለ ተነገራቸው፣ በ1904 አገራቸውን ትተው ወደ አሜሪካ ክፍለ ዓለም ተሻገሩ። እንደ እኛ አስተያየት በሕይወታቸው ከሁሉ የበለጠ የሚያስመሰግናቸው ይህ ነው፤ ያዩትን ለመካድም፣ ካዩት በላይ ለመናገርም እምቢ ብለዋልና።

በቀረው ዘመናቸው ግን ሁልጊዜ እንዲህ ጠንቃቃ አልነበሩም። ከ1912 ጀምሮ በብልቃጥ ያሳደጉት የዶሮ ልብ ሕዋስ ፈጽሞ አይሞትም ተብሎ በዓለም ተወራ፤ ሳይንቲስቶችም ለብዙ ዓመታት ተቀበሉት። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሊዮናርድ ሄይፍሊክ ባደረጉት ምርምር ግን የጤነኛ ሕዋስ መባዛት ወሰን እንዳለው ታወቀ። በቤተ ሙከራም ውስጥ ሳይመረመር የሚታመን ተአምር አለ ማለት ነው። ከዚህ የከፋው በ1935 ባሳተሙት መጽሐፍ ደካሞችን ከኅብረተሰቡ ስለ ማስወገድ የጻፉት ነው፤ ይህ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ጋር ፈጽሞ የሚቃረን ሐሳብ ነው። በጦርነቱ ዘመንም ከቪሺ መንግሥት ጋር ሠርተዋል። ስለዚህም በ1996 የሊዮን የሕክምና ፋኩልቲ ስማቸውን ከመጠሪያው አንሥቷል።

በኅዳር 1944 ምሥጢራትን ተቀብለው በፓሪስ አረፉ። ስለ ሉርድ የጻፉት መጽሐፍ የታተመው ከሞቱ በኋላ ነው። ብዙዎች አንድ የኖቤል ተሸላሚ በዓይኑ አይቶ የመሰከረለት ተአምር ብለው ይጠቅሱታል። ቤተ ክርስቲያን ግን የምስክሩን ዝና አልተመለከተችም። የሉርድ ዓለም አቀፍ የሐኪሞች ኮሚቴ ጉዳዩን በ1964 መርምሮ፣ የመጀመሪያዎቹ ሐኪሞች እብጠቱ ከሥነ ልቦና የመጣ ሊሆን እንደሚችል በበቂ አላጣሩም በማለት ሳይቀበለው ቀረ። በሉርድ ከ7,000 በላይ ፈውሶች ተመዝግበዋል፤ እስከ 2025 ድረስ በተአምርነት የታወቁት 72 ናቸው። ማሪ ፌራን ከእነርሱ መካከል የለችም።