መንግሥቱ ለማ፡- ከብዕሩ በፊት ጆሮው

ደራሲነት ይማሩታል ወይስ ይወለዱበታል? ይህ ጥያቄ መቼም አያረጅም፡፡ እዚህ ሐረር፣ አቦከር ውስጥ ግጥምና አጭር ልብ ወለድ የሚሞክሩ ወጣቶች ጽሑፋቸውን እያሳዩ ምን ላሻሽል ሲሉኝ፣ የሕግ ሰው እንጂ የሥነ ጽሑፍ መምህር አይደለሁምና የራሴን ምክር ከመስጠት እቆጠባለሁ፡፡ በምትኩ በዚህችው ከተማ ያደገን የአንድ ሰው ሕይወት አወጋቸዋለሁ፡፡ መንግሥቱ ለማን ማለቴ ነው፡፡ የምንወደውን ደራሲ አንተ ማለት የአንባቢ ወግ ነውና እኔም እንደዚያው አደርጋለሁ፡፡ አባቱን አለቃ ለማ ኃይሉን ግን አንቱ ከማለት የሚያወጣኝ የለም፡፡

መንግሥቱ በ1910ዎቹ አጋማሽ ተወልዶ ልጅነቱን በሐረር ያሳለፈ የሊቅ ልጅ ነው፡፡ የመጀመሪያ ትምህርቱም የቤተ ክህነት ትምህርት ነበር፤ ቅኔውን ጨምሮ፡፡ የቅኔ ቤትን ሥርዓት ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል፡፡ ተማሪው ለብቻው ገለል ብሎ ቅኔ ይቆጥራል፣ ከዚያ በመምህሩ ፊት ያቀርባል፣ ይታረማል፡፡ ሁለት ቤት ብቻ ካላት ከጉባኤ ቃና ይጀምርና ቀስ በቀስ ወደ ረዣዥሞቹ ይወጣል፡፡ የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ደግሞ ማቅረብ ነውር ነው፤ የሌላውንማ መውሰድ አይነሳ፡፡ በየቀኑ አዲስ ነገር መፍጠር፣ በየቀኑ መታረም፣ በጥቂት ቃል ሁለት ትርጉም ማሸከም፡፡ ዛሬ በክፍያ ከሚሰጡ የድርሰት ሥልጠናዎች ስንቶቹ ይህን ያህል ያሠራሉ?

ሐረር ደግሞ ለጆሮ የተመቸች ከተማ ናት፡፡ ሐረሪው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ሶማሌው በየቋንቋው ገበያ የሚውልባት፣ ሁሉም የሌላውን አነጋገር ለይቶ የሚያውቅባት ናት፡፡ እዚህ ያደገ ልጅ ሰው ሁሉ በአንድ ዓይነት አፍ እንደማይናገር ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል፡፡ የመንግሥቱን ቴአትሮች ባነበብኩ ቁጥር ይህ ነገር ትዝ ይለኛል፡፡

ከሐረር በኋላ አዲስ አበባ ዘመናዊ ትምህርት ቀጠለ፤ በ1940ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ለንደን ገባ፡፡ እዚያ ከእንግሊዞች ቴአትር ጋር ተዋወቀ፤ በቀልድ ማኅበረሰብን መተቸት የሚያውቀው በርናርድ ሾው በተለይ ማረከው፡፡ ወደ አገሩ ተመልሶ የመንግሥት ሠራተኛ ሆነ፣ ሕንድ በሚገኘው ኤምባሲያችንም አገለገለ፡፡ ልብ በሉ፣ ደራሲነት እንጀራው አልነበረም፡፡ ጊዜ የለኝም ለምንለው ባለሙያዎች ሁሉ ይህ ትንሽ የሚቆረቁር ነገር ነው፡፡

በ1950ዎቹ ሁለቱ ታላላቅ ኮሜዲዎቹ ጠልፎ በኪሴ እና ያላቻ ጋብቻ ብቅ አሉ፡፡ የመጀመሪያው የጠለፋን ልማድ በከተማ ቢሮክራቶች መሐል አምጥቶ ያስቃል፡፡ ሁለተኛው ከመኳንንት ወገን የሆነ፣ ውጭ አገር የተማረ ወጣት ከድኻ ልጃገረድ ጋር ሊጋባ ሲነሳ የሚፈጠረውን ሁከት ያሳያል፡፡ ቅርጹ ከለንደን የመጣ ነው፡፡ አፉ ግን የኛ ነው፡፡ ወይዘሮዋ እንደ ወይዘሮ፣ የተማረው እንደ ተማረ ሰው፣ አገልጋዩም እንደ አገልጋይ ይናገራል፡፡ ባሻ አሸብር በአሜሪካ የተሰኘው ግጥሙም እንዲሁ ነው፡፡ በአገሩ ክብሩን የለመደው ባሻ፣ አሜሪካ በቆዳው ቀለም ስትመዝነው የደረሰበትን ራሱ ያወጋል፡፡ ገጣሚው ጣልቃ ገብቶ ስለ ዘረኝነት አይሰብክም፡፡ ሰውየው ይናገር ብሎ ይተወዋል፤ እኛም እየሳቅን እንናደዳለን፡፡

እንግዲህ ይህ ሁሉ ዝና ካለው በኋላ በ1959 ዓ.ም. ያሳተመው መጽሐፍ ነው እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ፡፡ መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ ይባላል፡፡ አለቃ ለማ በሸመገሉበት ዕድሜ ልጃቸው ከፊታቸው ተቀምጦ እየጠየቀ የነገሩትን ትዝታ በቴፕ ቀዳው፣ ከቴፑም ወደ ወረቀት ገለበጠው፡፡ የነገሥታቱ ወሬ፣ የተማሪ ቤቱ ኑሮ፣ የክፉ ቀን ረሃብ፣ የሊቃውንቱ ቀልድ ሁሉ በሽማግሌው አንደበት ቀረ፡፡ የታወቀ ደራሲ ነውና የአባቱን ንግግር በራሱ ብዕር አሳምሮ፣ አስተካክሎ ሊያቀርበው ይችል ነበር፡፡ አላደረገውም፡፡ የንግግሩን ለዛ እንዳለ ጠበቀ፡፡

እዚህ ላይ ሙያዬ ይጠራኛል፡፡ ፍርድ ቤት የዋለ ጠበቃ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የራስህን ምስክር ስትጠይቅ መልሱን በጥያቄው ውስጥ አዘጋጅተህ ማጉረስ አይፈቀድልህም፡፡ ምክንያቱም ያኔ የሚሰማው ያንተ ድምፅ እንጂ የምስክሩ አይሆንም፡፡ ብዙ ልብ ወለዶቻችን የሚወድቁት በዚሁ ነው ባይ ነኝ፡፡ ገበሬውም፣ ሚኒስትሩም፣ ሴተኛ አዳሪዋም በደራሲው አፍ ይናገራሉ፤ ሁሉም ጎርሰው የመጡ ምስክሮች ናቸው፡፡ መንግሥቱ ግን ምስክሩን የሚያናግር ዓይነት ደራሲ ነበር፡፡

ማዳመጥ ብቻ ደራሲ ያደርጋል ወይ የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም፡፡ አያደርግም፡፡ ቢያደርግማ ቴፕ መቅጃው ራሱ ደራሲ በሆነ ነበር! መንግሥቱ የቅኔውን እርማት፣ የለንደኑን ንባብ፣ የሌሎችን ሥራ መልሶ የመሥራት ልፋትንም ጨምሮበታል፡፡ የቼኾቭን አንድ አጭር ኮሜዲ ዳንዴው ጨቡዴ ብሎ ወደኛ ሲያመጣው፣ ቋንቋውን መተርጎም ብቻ ሳይሆን ሰዎቹንም አበሻ አድርጓቸዋል፡፡ ኋላም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቴአትር እያስተማረ የሚያውቀውን ለወጣቶች አካፍሏል፡፡ በ1980 ዓ.ም. በስልሳዎቹ ዕድሜው ሲያርፍ፣ የራሱን ሕይወትም ጽፎ ትቶ ነበር፤ ደማሙ ብዕረኛ በሚል ርዕስ ከሞቱ በኋላ ታትሟል፡፡ የአባቱን ታሪክ ከመጥፋት ያዳነ ልጅ የራሱንም አላስጠፋም፡፡

እኔን የሚያሳስበኝ የዛሬው ነገር ነው፡፡ አለቃ ለማ ያዩትን ሌላ ሰው አልጻፈላቸውም ነበር፡፡ ልጃቸው ባይቀመጥ ኖሮ የቀብራቸው ዕለት አብሮ ይቀበር ነበር፡፡ ያን ጊዜ ቴፕ ማግኘት ራሱ ብርቅ ነው፡፡ ዛሬ መቅጃው በየኪሳችን አለ፤ ጠያቂው ግን የለም፡፡ አቦከር ውስጥ የሐረርን የድሮ ወግ የሚያውቁ አዛውንት በየጊዜው ይሸኛሉ፡፡ ለቅሶ ላይ ተሰብስበን ስንት ነገር ያውቁ ነበር እንባባልና እንበተናለን፡፡ የተባለው ስንት ነገር ምን እንደነበር ግን ከመሐላችን የሚነግረን አይገኝም፡፡

ስለዚህ መጻፍ ለምትሹ ወጣቶች የምለው አጭር ነው፡፡ ከሚቀጥለው ልብ ወለዳችሁ በፊት አያታችሁ ዘንድ አንድ ከሰዓት በኋላ ቁጭ በሉ፡፡ ጠይቁ፣ አታጉርሱ፣ አታርሙ፡፡ ከዚያ የቀዳችሁትን ቃል በቃል በእጃችሁ ገልብጡት፡፡ የሰው ንግግር የት ላይ እንደሚቆም፣ የት እንደሚዘል፣ ሳቁን የት እንደሚያስቀምጥ እጃችሁ ይማራል፡፡ ምናልባት ደራሲ ላትሆኑ ትችላላችሁ፡፡ ያም ቢሆን አንድ ሰው ከነአንደበቱ አትርፋችኋል፡፡

ቸር ይግጠመን፡፡