ብርድን በሥር የረቱት የወይን ገበሬ፦ የዶክተር ኮንስታንቲን ፍራንክ ሕይወትና ሥራ

በሀብሩ ወረዳ በመርሳና በአካባቢዋ ብርቱካንና ማንጎ የሚያለማ ገበሬ ችግኝ ሲረከብ አስቀድሞ የሚያየው ቅጠሉን ነው። ቅጠሉ ከለመለመ፣ ግንዱም ቀጥ ካለ ችግኙን ደህና ነው ብሎ ይወስዳል። በተዳቀለ ችግኝ ላይ ግን ከታች ያለው ሥር የሌላ ተክል መሆኑንና የዛፉ ዕድሜ በአብዛኛው በዚያ ሥር ላይ የተመሠረተ መሆኑን ልብ የሚሉት ጥቂቶች ናቸው። ይህን ነገር ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያስተምሩ ኖረው በ1985 ያረፉት ዶክተር ኮንስታንቲን ፍራንክ በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል የወይን ልማትን መልክ የለወጡ ሰው ናቸው። የወይን ጠጅ ከቤቱ የማይገባ አንባቢም ቢሆን ታሪኩ የችግኝ፣ የሥርና የውርጭ ታሪክ ስለሆነ ይመለከተዋል። በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፍራንክ የተወለዱት በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ በዩክሬን ምድር፣ በጥቁር ባሕር ዳርቻ ባለችው በኦዴሳ አካባቢ ሲሆን ወላጆቻቸው ከብዙ ዘመን በፊት ከጀርመን አገር መጥተው እዚያ ከሰፈሩ ገበሬዎች የሚወለዱ ነበሩ። በኦዴሳ የእርሻ ትምህርት ተምረው የዶክትሬት ማዕረግ ያገኙ ሲሆን፣ የመመረቂያ ጥናታቸውም የአውሮፓ የወይን ዝርያ በብርዳም አገር የሚለማበትን ዘዴ የሚመለከት ነበር። ኋላ በዲኒፐር ወንዝ ዳር በሚገኝ አንድ ሰፊ የመንግሥት የወይን እርሻ ላይ በኃላፊነት ተመደቡ። እርሻው ፊሎክሴራ በተባለው ተባይ የጠፋ ስለነበረ እንደገና መተከል ነበረበት።

ስለዚህ ተባይ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ፊሎክሴራ በዓይን በጭንቅ የምትታይ ቅማል መሰል ነፍሳት ስትሆን የወይንን ሥር እየመጠጠች ተክሉን ታደርቃለች። የመጣችው ከአሜሪካ ነው። በ1860ዎቹ ወደ ፈረንሳይ ገብታ በጥቂት ዓሥርተ ዓመታት ውስጥ የአውሮፓን የወይን እርሻ አብዛኛውን አጠፋች። በሺህ የሚቆጠሩ ገበሬዎችም ማሳቸውን ጥለው ተሰደዱ። መድኃኒቱ የተገኘው ተባዩዋ ከመጣችበት አገር ነበር። የአሜሪካ የዱር ወይን ሥር ለረጅም ዘመን ከእርሷ ጋር ስለኖረ ይችላታል። ስለዚህ የአውሮፓውን ወይን ቅርንጫፍ ቆርጦ በአሜሪካው ሥር ላይ ማያያዝ፣ ማለትም ማዳቀል፣ መፍትሔ ሆነ። ፍሬው የአውሮፓው ሆኖ ይቀራል፣ ከመሬት ጋር የሚታገለው ግን የአሜሪካው ሥር ነው።

ፍራንክ በዲኒፐር ዳር የሠሩት ሥራ ይህንኑ ነበር። በዚያ ላይ የአካባቢው ክረምት እጅግ ከባድ በመሆኑ ተክሎቹ በየዓመቱ ብርዱ ከመግባቱ በፊት አፈር ይለብሳሉ፣ በጸደይ ደግሞ ይገለጣሉ። ይህን አድካሚ ሥራ የሚያቃልል ማረሻ እስከመፍጠር ደርሰዋል። በመካከሉ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣና ኑሯቸውን በተነው። ባለቤታቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው በኦስትሪያ በኩል ወደ ጀርመን ተሰደዱ፤ በ1951ም ወደ አሜሪካ ተሻገሩ።

ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በላይ ነበር። በርከት ያሉ ቋንቋዎች ቢያውቁም እንግሊዝኛ አይናገሩም ነበር። የዶክትሬት ማዕረጋቸው በማያውቁት አገር ዋጋ አላገኘምና በኒውዮርክ ከተማ በአንድ ምግብ ቤት ሰሐን አጣቢ ሆነው ተቀጠሩ። ለአውቶቡስ መሳፈሪያ የሚበቃ ገንዘብ እንዳጠራቀሙም በኒውዮርክ ክፍለ ሀገር ምዕራባዊ ክፍል ወደምትገኘው ጄኔቫ አመሩ። የስዊዘርላንዷ ጄኔቫ ሞክሼ በሆነችው በዚህች አነስተኛ ከተማ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ይገኛል። ፍራንክ በወይን ምርምር ሊያገለግሉ ቢሄዱም የተሰጣቸው ሥራ ብሉቤሪ የተባለውን የቁጥቋጦ ፍሬ መኮትኮት ነበር።

በአካባቢው የወይን እርሻ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው። ረዣዥምና ጠባብ የሆኑ 11 ሐይቆች እንደ እጅ ጣት ተደርድረው ስለሚገኙበት አገሩ የጣት ሐይቆች፣ በእንግሊዝኛው አጠራር ፊንገር ሌክስ ይባላል። ጥልቅ ውሃ የበጋውን ሙቀት ይዞ ስለሚቆይ በሐይቆቹ ዳር ያለው ተዳፋት ከሌላው ቦታ ይልቅ ከብርድ ይጠበቃል። ይሁንና ይለማ የነበረው የአገሩ ተወላጅ የሆነው ወይንና ከእርሱ የተገኙ ዝርያዎች ነበሩ። እነዚህ ብርድን ይችላሉ፣ ወይን ጠጃቸው ግን ጠረኑ የከበደ ነው። የአውሮፓውን ዝርያ በአሜሪካ ምሥራቅ ለማልማት ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ያልተደረገ ሙከራ የለም። ፕሬዚዳንት ቶማስ ጄፈርሰንም ሞክረው አልተሳካላቸውም። በዚህ ምክንያት ባለሙያውም ገበሬውም የአውሮፓ ወይን በዚያ ምድር አይበቅልም ብሎ ደምድሞ ነበር። ተመራማሪዎቹም የሁለቱን አገር ወይን በአበባ በማዳቀል አዲስ ዘር ወደማፍራት አዘነበሉ።

ፍራንክ መደምደሚያውን አልተቀበሉም። የተወለዱበት አገር ክረምት ከዚህኛው የባሰ ስለነበረ ብርድ ብቻውን ምክንያት ሊሆን አይችልም ባይ ነበሩ። ይሁን እንጂ በተሰባበረ ቋንቋ የሚናገር አንድ ኮትኳች የቀን ሠራተኛ የሚሰጠውን አስተያየት የሚሰማ አልተገኘም። ቁጡና እልኸኛ መሆናቸውም ነገሩን ሳያባብሰው አልቀረም።

ሰሚ የተገኘው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በኪዩካ ሐይቅ ዳር የነበረውን የጎልድ ሲል ወይን ጠጅ ፋብሪካ ያስተዳድሩ የነበሩት ሻርል ፉርኒዬ የሻምፓኝ ወይን ጠጅ ባለሙያ የሆኑ ፈረንሳዊ ነበሩ። አገራቸው የሚያውቁትን ወይን በዚህም ለማየት ይመኙ ስለነበረ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከፍራንክ ጋር እንደተገናኙ ቀጠሯቸው። ሁለቱ ሰዎች መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ፍሬ ሳይሆን ሥር ፍለጋ መሄድ ነው። በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካና በካናዳ ሲዞሩ በኩቤክ ክፍለ ሀገር፣ ከኪዩካ እጅግ በሚብስ ብርድ ውስጥ፣ በአንድ ገዳም አጸድ ፒኖ ኗር የተባለውን የፈረንሳይ ወይን አገኙ። ገዳማውያኑ በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ ያህል ምርት ያገኙበት ነበር። ሚስጥሩ ከሥሩ ላይ ነው። ሥሩ ዕድገቱን በጊዜ ያቆማል፣ ከላይ ያለው ለጋ ቅርንጫፍም ውርጭ ከመድረሱ በፊት ወደ እንጨትነት ተለውጦ ይጠነክራል። ሥሩ ዕድገቱን የሚያዘገይ ከሆነ ግን ተክሉ ገና ለምለም ሳለ ውርጭ ያገኘዋል። በመቄት፣ በዋድላና በደላንታ ደጋ ዘግይቶ የተዘራ እህል ለጋ ሳለ ውርጭ ሲመታው ያየ ገበሬ ነገሩን ያለ አስተማሪ ይረዳዋል።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት በማዳቀል ሥራ ያለፉ ናቸው። ልዩ ልዩ የሥር ዓይነቶች ከልዩ ልዩ የአውሮፓ ዝርያዎች ጋር እየተጣመሩ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ችግኝ ተዘጋጀ፣ በተለያየ አፈርም ላይ ተተክሎ ተፈተነ። አብዛኛው ሞተ። ፍራንክ የሞተውን እየነቀሉ የተረፈውን ማባዛታቸውን ቀጠሉ።

ፍርዱን የሰጠው የ1957 ክረምት ነው። በየካቲት ወር ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች እስከ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወረደ። ብርድ ይችላሉ ከተባሉት የአገሩ ዝርያዎች አንዳንዶቹ አንድ እንኳ ሕያው እንቡጥ ሳይቀራቸው ሲቀሩ፣ በተመረጠው ሥር ላይ የተዳቀሉት ሪዝሊንግና ሻርዶኔ የተባሉት የአውሮፓ ዝርያዎች ግን የደረሰባቸው ጉዳት ጥቂት ነበር። በመከር ጊዜም ፍሬ ሰጡ። ሦስት መቶ ዓመት የቆየው ክርክር በአንድ ክረምት ተዘጋ ማለት ይቻላል፤ ምንም እንኳ ፍራንክን የተጠራጠሩት ሁሉ ወዲያው አምነዋል ባይባልም። ፋብሪካው ከዚህ ወይን የተጠመቀውን ጠጅ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለገበያ አቀረበ።

ፍራንክ በበኩላቸው ከኪዩካ ሐይቅ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ መሬት ገዝተው በ1962 የራሳቸውን የወይን ጠጅ ማምረቻ አቋቋሙ። ከመጀመሪያዎቹ ምርቶቻቸው መካከል ስማቸውን ያስጠራው ፍሬው ከተክሉ ሳይወርድ እስኪጨማደድ ቆይቶ ከተለቀመው ሪዝሊንግ የተሠራው ጣፋጭ ጠጅ ነው። እንዲህ ያለው ጠጅ ፍሬ በፍሬ እየተመረጠ ስለሚለቀም ብዙ ጉልበት ይፈጃል፤ የሚገኘውም መጠን ጥቂት ነው። ከሁሉም በላይ ግን ፍራንክ ያገኙትን ደብቀው አለመያዛቸው ሊመሰገን ይገባዋል። ከልዩ ልዩ ክፍላተ ሀገር ለሚመጡ አልሚዎች ችግኝ ይሰጡ፣ አዳቃቀሉንም በማሳው ላይ ያሳዩ ነበር። በ1967 የአሜሪካ የወይን ጠጅ ማኅበር የተመሠረተው በእርሳቸው ቤት በተደረገ ስብሰባ ነው።

በሌላ በኩል ፍራንክ በሁሉም ነገር ትክክል አልነበሩም። በአበባ የተዳቀሉትን ዝርያዎች አጥብቀው ይጠሉ ነበር። ከእነርሱ የሚጠመቀው ጠጅ ለጤና ጎጂ ነው እስከማለትም ደርሰዋል፤ ይህ ግን በማስረጃ የተደገፈ አልነበረም። የአውሮፓው ዝርያ በተመረጠ ሥር ላይ ቢሆንም እንኳ ማዳቀያው ቦታ በየመኸሩ አፈር እንዲለብስ፣ በየጸደዩም እንዲገለጥ ይፈልጋል። ይህም ጉልበትና ገንዘብ ይጠይቃል። አቅም ያነሳቸው ብዙ ገበሬዎች እርሳቸው ያወገዟቸውን ዝርያዎች ተክለው ኑሯቸውን ችለዋል። ሳይሞከር አይሆንም በተባሉበት ነገር የተበደሉ ሰው የሌላውን ሙከራ ያለ ማስረጃ ማጣጣላቸው የሚያሳዝን ነው።

በአገራችን ወይን የሚያለማ ሰው የሚገጥመው ፈተና የዚህ ተቃራኒ ነው። በወገብ አካባቢ ባሉ አገሮች ብርዳም ክረምት ስለሌለ ወይኑ አያንቀላፋም፤ ዕረፍት የሚያገኘውም ሆነ ለማፍራት የሚነሣው በገበሬው መግረዣ ነው። በዝዋይ የተተከለው ሰፊ የወይን እርሻ ከ2014 ወዲህ ጠጁን ለገበያ ያቀረበው በዚሁ ዓይነት አያያዝ ነው። የሥሩ ነገር ግን በሁለቱም ቦታ አንድ ነው፤ በብርቱካንም እንዲሁ ነው። የብርቱካን ሥር አበስባሽ በሽታ ባለበት ማሳ ሥሩ በሽታውን የማይችል ችግኝ መትከል ከጥቂት ዓመት በኋላ ሙሉ አጸድ ነቅሎ መጣልን ሊያስከትል ይችላል። ስለሆነም ለአባላቱ ችግኝ የሚረከብ የገበሬ ማኅበር መሪ ችግኝ ጣቢያውን ስለ ፍሬው ዓይነት ከመጠየቁ ጋር ከታች ያለው ሥር የምን ተክል እንደሆነ፣ በየትኛውስ አፈር እንደተፈተነ ቢጠይቅ መልሱ የሚገባው ነው።

ዶክተር ፍራንክ በ1985 ሲያርፉ ማምረቻውን ልጃቸው ዊሊ ፍራንክ ተረከቡ። ልጅየው አባታቸው ያልሞከሩትን አረፋማ የወይን ጠጅ ጨምረው ሥራውን አስፋፉ፤ ከ1993 ጀምሮም የልጅ ልጃቸው ፍሬድ ፍራንክ ቀጠሉበት። ሽማግሌው በሕይወት ሳሉ በማሳቸው ላይ በአሥር የሚቆጠሩ ዝርያዎችን ተክለው ነበር። ከእነዚህም አንዱ ርካጺቴሊ የተባለው ከካውካሰስ ምድር ከጆርጂያ የመጣ ጥንታዊ ወይን ሲሆን፣ ቤተሰቡ እርሳቸው ካረፉ በኋላም ጠጁን በስሙ እየጠመቀ መሸጡን አላቋረጠም።