ስለ ዕለት እንጀራ ያመሰገነ ንጉሥ
የቅዱስ ይምርሐነ ክርስቶስ ታሪክ በአጭሩ

የደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል መታሰቢያ በሚሆን በዚህ መጽሐፍ፥ ስለ ዕለት ምግብ እግዚአብሔርን ማመስገን እንደሚገባ ለመናገር ምሳሌ የሚሆነንን ሰው ከሩቅ አገር መፈለግ አያሻንም። በላስታ ተራሮች የኖረው ንጉሥና ካህን ቅዱስ ይምርሐነ ክርስቶስ የቅርብ አባታችን ነውና። የዋግ ሹሞችም ትውልዳቸውን ከዛጔ ነገሥታት ይቈጥሩ ነበር። የስሙም ትርጓሜ ክርስቶስ ይምራን ማለት ነው።

ይምርሐነ ክርስቶስ በ12ኛው መቶ ዓመት ገደማ የነገሠ፥ የግርማ ሥዩም ልጅ ነው። ገድሉ እንደሚነግረን፥ አጎቱ ንጉሥ ጠንጠውድም መንግሥቱን እንዳይወርስበት ፈርቶ ሊገድለው ስለ ፈለገ፥ ሸሽቶ በስደት ኖረ፤ ክህነትንም ተቀበለ። ስለዚህ ለዙፋን የተወለደው ሰው አስቀድሞ የሰው እጅ ማየትን ተማረ። ኋላም ነግሦ በትውፊት እንደሚባለው 40 ዓመት ገዛ፤ ነገር ግን ዘውድ ስለ ጫነ ቅዳሴውን አልተወም።

ከላሊበላ በስተ ሰሜን፥ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ በሚገኝ ታላቅ ዋሻ ውስጥ በስሙ የሚጠራውን ቤተ ክርስቲያን አሠራ። ግንቡ እንደ አክሱም ሥራ እንጨትና ድንጋይ እየተደራረበ የታነጸ፥ ድንጋዩም በነጭ የተለሰነ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑም ጀርባ በዚያ ሊቀበሩ የወደዱ የብዙ ሰዎች ዐፅም እስከ ዛሬ ይታያል።

ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በአገራችን የቈየው የፖርቱጋል ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ወደዚህ ስፍራ ደርሶ የሰማውን ጽፎአል። ንጉሡ ሲቀድስ ለመሥዋዕት የሚሆነው ሕብስትና ወይን ከሰማይ ይመጣለት እንደ ነበረ ነገሩት፤ እጅ በመስኮት ገብቶ ሕብስቱንና ወይኑን ሲያቀርብለት የሚያሳይ ሥዕልም እንዳለ ተረከ። ደግሞም ይህ ንጉሥ ከሕዝቡ ግብር አይቀበልም ነበር፤ የሚያመጣ ሰው ቢኖርም ለድኆች እንዲታደል ያዝዝ ነበር ይላል።

አንባቢ ሆይ፥ እነዚህን ሁለት ነገሮች አትለያያቸው። ከሰማይ የተቀበለ እጅ ከድኃ አልነጠቀም። ለነገ ተብሎ የተከማቸ መና እንደ ተላ ያውቅ ነበርና፥ የተሰጠውን አሳለፈ እንጂ አላከማቸም። ምስጋናውም በአፉ ብቻ ሳይሆን በጎተራው ታየ።

ነገር ግን አንድ ሰው፥ ለእርሱ ሕብስት ከሰማይ ወረደለት፤ ለእኛ ግን ሰማዩ ዝናሙን እንኳ ከለከለን ቢል፥ ነገሩ ሊናቅ አይገባም። በ1977 ዓ.ም. የዋግ ሕዝብ በረኀብ አለቀ፤ በ2016 ዓ.ም.ም በሰሃላና በአጎራባቿ ወረዳዎች ማሽላው ሳያፈራ ደረቀ፥ ከብቱም ሞተ። ልጁን በረኀብ የቀበረውን ሰው ለምን አታመሰግንም ብሎ መውቀስ የክርስቲያን ሥራ አይደለም። ቅዱሱ ንጉሥም የተራበውን አበላው እንጂ ምስጋና አልጠየቀውም። ማመስገን አስቀድሞ የጠገበው ሰው ዕዳ ነው፤ ዕዳውም የሚከፈለው ላልጠገበው በማካፈል ነው።

ዛሬ ወደ ቤተ ልሔም የሚገባው መገበርያ ከሰማይ ሲወርድ አናይም። ስንዴው በገበሬው ላብ በቅሎ፥ በእናቶቻችን እጅ ተበጥሮና ተለቅሞ፥ ዘቢቡም ከገበያ ተገዝቶ ይመጣል። ሆኖም ዝናሙን ያዘነመ፥ ዘሩን ያበቀለ፥ ለእጁም ኀይል የሰጠ አንድ እግዚአብሔር ነው። እንግዲህ በመስኮት የገባችው ያች እጅ ዛሬ የምእመናን እጅ ናት ብንል አንሳሳትም። ከጥቂት እህሏ አንድ እፍኝ ስንዴ ለመገበርያ የምታመጣ መበለት የዚያ ንጉሥ ባልንጀራ ናት። ካህኑም መሥዋዕቱን ሲያሳርግ የእርስዋን ድካም ይዞ እንደሚቆም ያስብ።

ስለዚህ በጥቅምት 19 ቀን የጻድቁን በዓል ስናስብ፥ በማዕዳችን ፊት ቆመን ስንባርክ፥ ከእንጀራችን የጎረቤታችን ድርሻ የቱ እንደ ሆነ እንጠይቅ። ደብራችንን እስከዚህ ኢዮቤልዩ ያደረሰ አምላክ ለምድራችን ዝናሙን በጊዜው ይስጥ፤ ለእኛም ተቀብሎ የሚያካፍል ልብ ያድለን። አሜን።