የቀይ ባሕርን ዛጎሎች የለቀመው ፔተር ፎርስኮል

እኛ የእንጅባራና የዳንግላ ሰዎች ዘንገናንና ጣናን እንጂ ባሕር ያየን ጥቂት ነን። ባሕሩ የሚያውቀን በሕፃን አንገት ላይ በምትታሰረው ዛጎል ነው ቢባል ይሻላል። ስለዚህ ለዛሬው የቀይ ባሕርን ዛጎሎች ለሳይንስ ካስተዋወቁት ቀደምት ሰዎች የአንዱን ሕይወት እናቀርብላችኋለን።

ፎርስኮል በ1732 እ.ኤ.አ. በሄልሲንኪ ተወለደ። ያን ጊዜ ፊንላንድ በስዊድን ሥር ነበረች። በኡፕሳላ የታላቁ የተፈጥሮ ሊቅ የሊኔየስ ተማሪ ሆነ። በ1759 ስለ ዜጎች ነፃነት አንዲት ትንሽ ጽሑፍ ቢያሳትም መንግሥት ወዲያው እንድትሰበሰብ አዘዘ። ሰብሳቢ የተደረገው ማን መሰላችሁ? የዩኒቨርሲቲው ሬክተር የነበረው የገዛ መምህሩ ሊኔየስ! ከ500 ቅጂ የተገኘው ግን 79 ብቻ ነው፤ ሌላው በአንባቢ እጅ ቀረ።

በ1761 የዴንማርክ ንጉሥ ወደ ዓረብ አገር ከላካቸው 6 ሰዎች አንዱ እሱ ነበር። ከስዌዝ በጂዳ አድርገው ወደ የመን ወረዱ። ፎርስኮል ዓሣውንም ዕፅዋቱንም የአገሩን ሰው ስሙን እየጠየቀ ይመዘግብ ነበር። የዓረብኛውን ስም ሳይጥል ብዙውን የሳይንስ ስም አደረገው፤ የጫት ሳይንሳዊ ስም «ካታ» የመጣው ከዚሁ ነው። እኛ ይህን ከሥራው ሁሉ አብልጠን እንወደዋለን።

ዛጎልም ለቀመ። ቀንድ አውጣ ሲባል ትዝ የሚለን ያ ቅጠል በሊታው የጓሮው ነው፤ ከባሕሮቹ ግን አዳኝ ሥጋ በል ብዙ አለ። አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ የመተንፈሻ ቱቦውን ብቻ ብቅ ያደርጋል፤ በውሃው ጠረን የታዳኙን መንገድ ያገኛል። አንዳንዱ የሌላውን ዛጎል በሻካራ ምላሱ እየፋቀ፣ በአሲድ እያለሰለሰ ይበሳና ሥጋውን ይመገባል። በባሕር ዳር ክብ ቀዳዳ ያለባት ባዶ ዛጎል ብታገኙ፣ የተገደለች ናት ማለት ነው። ኮን የሚባለው ደግሞ መርዘኛ ጦር ይወረውራል፤ ሰውም ገድሏል።

በ1763 ሞካ ሲደርሱ የጉምሩክ ሰዎች ዕቃቸውን ፈተሹ። በአልኮል የተዘፈዘፈው የዓሣ በርሜል ሲከፈት ክፍሉ ገማ፤ ጠርሙስ ውስጥ እባብ ሲገኝማ ሊመርዙን መጡ ተባለ። ከዚያ በኋላ ፎርስኮል ብዙ አልቆየም። በወባ ታሞ በዚያው ዓመት ሐምሌ 11 ቀን (እ.ኤ.አ.) ያሪም በምትባል ከተማ ሞተ፤ ዕድሜው 31 ነበር።

ከስድስቱ በሕይወት የተመለሰው ካርታ ሠሪው ኒቡር ብቻ ነው። የእንስሳት ሊቅ ባይሆንም የጓደኛውን ማስታወሻ ሰብስቦ በ1775 አሳተመለት። ከዛጎሎቹ የተረፉት ኮፐንሃገን ይገኛሉ። በ1798 ደግሞ ሮዲንግ የተባለ ጀርመናዊ አንዲትን እሾሃማ፣ ረጅም አፍንጫ ያላት የቀይ ባሕር አዳኝ ቀንድ አውጣ በፎርስኮል ስም ጠራት። ስሟ እስከ ዛሬ ያው ነው።