ከድሬዳዋ እስከ ጄኔቫ፦ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና አንድ የወርቅ የእጅ ሰዓት

የነገሥታትን ሕይወት የሚያጠና ተመራማሪ ከአዋጅና ከደብዳቤ ባሻገር የግል ዕቃቸውን እንደ ምንጭ የሚመለከተው እምብዛም ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሕይወት በስማቸው ከሚታወቅ አንድ ብርቅ የእጅ ሰዓት ጋር አያይዞ በመቃኘት፣ የባለቤትነት ታሪኩ በወጉ ያልተመዘገበ ዕቃ ለታሪክ ጸሐፊ የሚያስነሣውን ጥያቄ ያመለክታል።

ተፈሪ መኮንን ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. በሐረር አቅራቢያ በኤጀርሳ ጎሮ ተወለዱ። የ10 ዓመት ልጅ ሳሉ፣ በ1895 ዓ.ም.፣ ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ የሐረርን ተራራ ትቶ ከግርጌው ባለው ሜዳ ደረሰ፤ የድሬዳዋ ከተማም በጣቢያው ዙሪያ ተቆረቆረች። በ1902 ዓ.ም. ተፈሪ የሐረር ገዥ ሲሆኑ፣ የግዛቱ የንግድ በር ጉዞና ጭነት በሰዓት የሚለካባት ይህችው የባቡር ከተማ ነበረች።

የሕይወታቸው ዐበይት ጉዞዎችም በድሬዳዋ በኩል አልፈዋል። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ሳሉ አውሮፓን ለመጎብኘት የሄዱት በዚሁ መሥመር ነው። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ደፉ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ወደ አዲስ አበባ ሲቃረብ ከዋና ከተማዋ የተነሡበት ባቡርም ድሬዳዋን አልፎ ጅቡቲ ገባ። ከአምስት ዓመት ስደት በኋላ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተመልሰው ገቡ።

ኅዳር 1947 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ስዊዘርላንድን በይፋ ጎበኙ። የጄኔቫው ፓቴክ ፊሊፕ በዚያ ዘመን 2497 የሚል የሞዴል ቁጥር የሰጠውን የእጅ ሰዓት ይሠራ ነበር፤ በአጠቃላይ የተሠራው ከ200 ያነሰ ነው። ሰዓቱ ያለ ባትሪ፣ በእጅ እየተሞላ ይሠራል፤ ቀኑን፣ ወሩንና የጨረቃን መሙላትና መጉደል ያሳያል፤ የወራቱን ርዝማኔና በየአራት ዓመቱ የሚጨመረውን የፌብሩዋሪ 29ኛ ቀን ሳይሳሳት ይቆጥራል።

የሚቆጥረው ግን የግሪጎርዮስን ዘመን ነው። 13ኛው ወር ጳጉሜን በጥርሶቹ ውስጥ ስፍራ የለውም፤ ቀንን ከንጋት የሚጀምረውን የአገራችንን የሰዓት ልማድም አያውቅም። ንጉሠ ነገሥቱ በአገር ውስጥ አዋጅ ያወጡ የነበረው በዓመተ ምሕረት ሲሆን፣ ከውጭ መንግሥታት ጋር ይገናኙ የነበረው በሌላው አቆጣጠር ነው። ሰዓቱ የዘመናቸውን አገዛዝ ሁለት ገጽታ ጥሩ አድርጎ ያሳያል፦ ወደ ዓለም ሥርዓት መግባትና የራስን ሥርዓት ይዞ መቆየት።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረዱ፤ ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. በእስር ላይ ሳሉ አረፉ። ከ41 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ በ2009 ዓ.ም.፣ የእርሳቸው እንደነበረ የተገለጸ አንድ የወርቅ 2497 በጄኔቫ በክሪስቲስ ለጨረታ ቀረበ። ከቤተሰቡ ወገን የባለቤትነት ጥያቄ በመነሣቱ ከሽያጭ ተነሥቶ ነበር፤ በኋላ ግን ተመልሶ ቀርቦ ከ2 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በላይ ተሸጠ።

የሰብሳቢዎች ገበያ ዋጋውን ከፍ ያደረገው ሰዓቱ ብርቅ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን ስሙን ስለያዘ ጭምር ነው። ስሙ ግን የአንድ ሰው፣ የአንድ ቤተሰብና የአንድ አገር ታሪክ ነው። ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈው በስጦታ፣ በሽያጭ ወይስ በሌላ መንገድ እንደሆነ የሚያስረዳው መዝገብ ብቻ ነው። ስለዚህ የቤተ መንግሥት ዕቃዎችን ዝርዝር፣ የስጦታ መዝገቦችንና በአረጋውያን ዘንድ ያለውን ትዝታ ሳይጠፋ መሰብሰብ የተመራማሪዎች አስቸኳይ ሥራ ነው። የምድር ባቡር ሰነዶችና የቀድሞ ሠራተኞች የሚገኙባት ድሬዳዋም ለዚህ ጥናት ተገቢ መነሻ ናት።